ዋኘው የመከረው ባለ ሦስት ቅጽ ልብ ወለድ

ዋኘው ቢሻው ሰውነቱ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ፣ የሚያነበው መጽሐፍ ግን እንደ ጡብ የወፈረ ሰው ነበር። ብብቱ ሥር ያን የሚያህል ነገር ሸጉጦ በጎንደር ፒያሳ ሲያልፍ የሚያውቁት ሁሉ ይስቁበታል። እሱም ይቀድማቸዋል። "እኔ ቀጭን፣ መጽሐፌ ወፍራም፤ ተደምረን አንድ ደህና ሰው ይወጣናል" ይላል።

ልማዱን ያመጣበት ሥራው ነው። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ዋኘውም የወባ መድኃኒት የሚረጭ ቡድን መሪ ነበር። አንድ ሰሞን ወደ እንፍራንዝ፣ ሌላ ሰሞን ከአይከል ወዲያ ወዳለው ቆላ ይወርዳል። ቀን ቀን ሠራተኞቹ የገበሬውን ጎጆ ግድግዳ ሲረጩ ሲቆጣጠር ይውላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ድንኳኑ ውስጥ ከራሱ ጋር ይፋጠጣል። ሥራ በጀመረ ሰሞን አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ይዞ ወጣና በማግስቱ አለቀችበት። የቀረውን ጊዜ በመድኃኒቱ በርሜል ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ደጋግሞ እያነበበ ሰነበተ። "ታሪኩ ደህና ነበር፤ ሰው ግን አልነበረበትም" ይል ነበር በኋላ።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ የሚመርጠው በውፍረቱ ሆነ። በዚያ ጊዜ ከሞስኮ በአማርኛ ታትመው የሚመጡ፣ ድርሳን የሚያካክሉ ልብ ወለዶች ነበሩ። ሌላው ሰው አንሥቶ ይመዝንና ወደ መደርደሪያው ይመልሳቸዋል። ዋኘው መዝኖ ይዟቸው ይሄዳል።

ማንበቡስ ባልከፋ፤ ችግሩ መምከሩ ነው። ራሴን አመመኝ ላለው ሰው መጽሐፍ ያዛል። ሐዘን የተቀመጠውን፣ ዕድገት የተከለከለውን፣ ባሏ የኮበለለባትን፣ ሁሉንም በወፍራም መጽሐፍ ሊያክም ይነሣል። "የመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ገጾች የግቢ በር ናቸው" ይላል ጣቱን ቀስሮ። "ውሻው ይጮኽብሃል። አትመለስ! ግባ! ከገባህ በኋላ አጭር መጽሐፍ እንግዳ ነው፤ ረጅም መጽሐፍ ግን ጎረቤት ነው።" የመሥሪያ ቤቱ ታይፒስት ይርገዱ አንድ ጊዜ ምክሩን አምና ስለ መርከብ ጉዞ የሚተርከውን መጽሐፍ ወሰደች። መጽሐፉ ተነብቦ ሲያልቅ መርከቧ ገና ወደብ አልደረሰችም፤ ዋኘው ይህን እንደ ትልቅ ጥበብ ይቆጥረው ነበር። ይርገዱ ስትመልስለት "እጅግ ጠቅሞኛል ጋሽ ዋኘው" አለችው። ደስ ብሎት "የቱ ጋ ደረስሽ?" ቢላት "የቀሚሴን ሽንሽን ተጭኖ አደረልኝ" አለችው። ወሬው በመሥሪያ ቤቱ ተዛመተ። ከሁሉ አብልጦ ያወራው ግን ራሱ ዋኘው ነበር።

ዕድሜው ሠላሳ ከምናምን ደርሶ ሳያገባ ቀርቷል። እናቱ እማሆይ አማረች "ልጄን ወረቀት አገባብኝ" እያሉ ለጎረቤት ያማርራሉ። ዋኘውም በልቡ አንዲት ሴት ነበረችው፤ እናኑ ቢያዝን። እናኑ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። ዋኘው ከቆላ የሚያመጣውን የደም ናሙና ተቀብላ በአጉሊ መነጽር ታያለች። ረጋ ያለች፣ ሲስቁ የማትቀድም፣ ከሳቀች ግን የማታቆም ልጅ ናት። ዋኘው ናሙናውን ባስረከበ ቁጥር የሚናገረው ያዘጋጃል። በሩ ላይ ሲደርስ ግን የተዘጋጀው ሁሉ ይጠፋና "የዘንድሮ ወባ ከበድ ያለ ነው" ብሎ ይመለሳል። ወባ ለፍቅር መንደርደሪያ እንደማይሆን ያውቃል፤ ሌላ ግን አልመጣለትም።

በመጨረሻ እንደ ልማዱ ወደ መጽሐፍ ሸሸ። ከሁሉ የሚወደው ባለ ሦስት ቅጹ ልብ ወለድ ነበር። የአንድ የመስኮብ፣ የሩሲያ ማለት ነው፣ ደወል አቅላጭ ቤተሰብ ታሪክ ነው። አባትየው ለአብያተ ክርስቲያናት ደወል ያቀልጣል። ዋርቫራ የምትባል ልጅ አለችው። እሷን ዕድሜ ልኩን የሚወድ፣ መውደዱን ግን የማይናገር አንድ መሬት ቀያሽ አለ። ዋኘው ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ ይህን ቀያሽ ያደንቀው ነበር። ዝምታው የጨዋ ዝምታ ነው ይል ነበር።

የዋኘው ስሌት ይህ ነበር። አንዱን ቅጽ ሲያውሳት፣ ያን ስትጨርስ ሁለተኛውን ሲወስድላት፣ በመካከሉ የት እንደደረሰች ሊጠይቅ ብቅ ሲል፣ ክረምቱ ያልፋል። ክረምት ካለፈ ደግሞ መላመድ አይቀርም። ሰው መልእክት በሽማግሌ ይልካል፤ እሱ በቅጽ ሊልክ ነው።

የመጀመሪያውን ቅጽ ሰጣት። ስለ ደራሲው አነጋገር፣ ስለ ትርጉሙ ችግር፣ ስለ ሃምሳዎቹ ገጾች በሩ ላይ ቆሞ ረጅም ንግግር አደረገላት። እናኑ አመስግና ተቀበለችው። በሚቀጥለው ሳምንት ናሙና ይዞ ቢመጣ መጽሐፉ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል።

"አልወደድሽውም?" አላት ክው ብሎ።

"ጨረስነው እኮ" አለችው። "ለአባቴ ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ሬዲዮ ብቻ ነበር የሚያጽናናቸው። አሁን ሬዲዮውን አስዘጉ። እኔ ግን ጋሽ ዋኘው፣ ጉሮሮዬ ነደደ። አባቴ ደግሞ 'ይህን መጽሐፍ የመከረሽን ሰው አምጪልኝ' እያሉኝ ነው።"

ዋኘው ሌላውን ሁሉ አልሰማም። "አምጪልኝ" የሚለውን ብቻ ሰማ።

የእናኑ አባት አያ ቢያዝን በንጉሡ ጊዜ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ልጅ ሳሉ ቅኔ ቤት ስለገቡ የሰሙትን ቃል አይጥሉም። ቤታቸው ሳሙና በር አካባቢ ነው፤ ደጁ ላይ በረንዳ አለው። ዋኘው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከመስክ ሲመለስ፣ ሁለተኛውን ቅጽ ይዞ ሄደ። የቡድኑ ማኪና ሾፌር ፋንታሁን አደረሰው።

"ግባ ልጄ" አሉ አያ ቢያዝን እጃቸውን ዘርግተው። "ድምፅህን አሰማኝ። አንብብ እስቲ!"

ዋኘው እናኑ አጠገቡ ትቀመጣለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ወንበሩን አሳይታው፣ ሻይ አቅርባለት፣ "እሰይ፣ ተገላገልሁ!" ብላ ወደ በረንዳው ወጣች።

እንዲህ ተጀመረ። በየቅዳሜው ዋኘው ያነባል፤ አያ ቢያዝን ይሰማሉ። መስማታቸውም እንዲሁ መስማት አልነበረም። የመስኮቦቹ ስም ስለከበዳቸው ሁሉንም ክርስትና አነሷቸው። ደወል አቅላጩ አያ ደወሉ ተባለ፤ ዋርቫራ ወርቄ ሆነች፤ መሬት ቀያሹ ደግሞ፣ እንደ ጥንቱ መሬት ለኪ፣ ገመድ ጣዩ። የአያ ደወሉ ወንድም የአባታቸውን መሬት ነጥቆ ሲወስድ አያ ቢያዝን ከወንበራቸው ተነሡ።

"ምነው ይግባኝ አይልም?" አሉ ተቆጥተው። "ምስክር አለው! ሰነድ አለው! የእኛ አገር ሰው ቢሆን እስከ ዙፋን ችሎት ይሟገት ነበር።"

"አያ ቢያዝን፣ ደራሲው እኮ ነው እንዲህ ያደረገው።"

"እንግዲያው ደራሲው ሕግ አያውቅም። ቀጥል!"

ገመድ ጣዩን ግን አልወደዱትም። "ይህ ሰው ምላስ የለውም?" ይላሉ። "ልጅቱ ፊት ለፊቱ ቆማለች፤ እሱ ስለ መሬቱ ስፋት ይነግራታል። ሸጋ ሰው ነው ትላለህ? እኔ ፈሪ እለዋለሁ።" ዋኘው አንገቱን ደፍቶ ገጹን ይገልጣል። አያ ቢያዝን ባያዩትም ጆሮው እስኪግል ያፍራል።

አንድ ቅዳሜ አብዮቱ የሚነሣበት ምዕራፍ ላይ ዋኘው ድምፁን ከፍ አድርጎ "ዙፋኑ ይገልበጥ! ጠመንጃውን አምጡ!" ሲል በሩ ተንኳኳ። ደመቀ የሚባለው የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ክላሹን አንግቶ ገባ። "ምንድን ነው ስብሰባው? ማነው ጠመንጃ የሚጠይቀው?" አለ። ዋኘው መጽሐፉን ደረቱ ላይ ለጠፈው። ወፍራም መጽሐፍ ጥይት እንደማይመልስ በዚያች ደቂቃ ገባው። አያ ቢያዝን ግን "የሚገለበጠው የመስኮቡ ነው። ቁጭ በልና ስማ፤ ካልሆነ በሩን ዝጋልን፤ ብርድ ገባ" አሉት። ደመቀ መጽሐፉን አገላብጦ የሞስኮን ማኅተም አየ። ወንበር ስቦም ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ጥበቃው ቅዳሜ ሲሆን ከሌላው ቤት ሁሉ የአያ ቢያዝንን ቤት አጥብቆ ይጠብቅ ጀመር።

ዋኘው ይህን ሁሉ እንደ ድል ቆጠረው። ቤተኛ ሆኗል። አባት ወዶታል። ሻዩ ሁልጊዜ በስኳር ነው። አንድ ነገር ብቻ አላየም። እሱ ውስጥ ሲያነብ ፋንታሁን ሊመልሰው በረንዳው ላይ ይጠብቃል። እናኑም በረንዳው ላይ ናት። ፋንታሁን የአይከል ልጅ ነው፤ መጽሐፍ ገልጦ አያውቅም፤ ወሬ ግን ከአፉ አይደርቅም። ማኪናው ጭቃ ሲውጠው ምን እንዳደረገ፣ ጠዳ ላይ ፍየል ገጭቶ ከባለቤቷ ጋር እንዴት እንደታረቀ፣ ሲያወራ ይውላል። ዋኘው አንዳንዴ የእናኑን ሳቅ በመስኮት ይሰማና "መጽሐፉን እያዳመጠች ነው" ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። የሚያነበው ደግሞ የቀብር ምዕራፍ ነበር።

ሁለተኛው ቅጽ ያለቀ ሰሞን ፋንታሁን ከእንፍራንዝ ሲመለሱ መሪውን ይዞ ፊቱን ወደ መንገዱ እንደተከለ "አለቃ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ" አለው።

"ምን? መጽሐፍ ፈለግህ?" አለ ዋኘው ተስፋ አድርጎ።

"አይ! እናኑን ላገባ ነው። ተስማምተናል። ለአባቷ ሽማግሌ ልልክ ነው። አጎቴ አያ አዳሙ ከአይከል ይመጣሉ። ሁለተኛው አንተ እንድትሆን ነው። አያ ቢያዝን ካንተ በላይ የሚሰሙት የለም።"

ዋኘው እስከ አዘዞ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። አዘዞ ሲደርሱ የተናገረው ራሱን አስገረመው፤ "ደስ ይለኛል" ነበር ያለው። በኋላ ይህን ሲያወራ "ሦስት ቅጽ ሙሉ የሚያወራ ሰው፣ ሲያስፈልገው የወጡት ሁለት ቃላት ናቸው። እነሱም ውሸት ናቸው" ይላል።

እሑድ ዕለት አያ አዳሙና ዋኘው ነጠላ አጣፍተው ሄዱ። እንደ ወጉ በሩን አልፈው ቆሙ፤ አልተቀመጡም። አያ ቢያዝን ጆሯቸውን ሰጡ።

"ዋኘው አይደለህም? ምነው ዛሬ ቆምህ? ወንበርህ እዚያው ናት።"

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም፣ አያ ቢያዝን" አለ ዋኘው።

የአያ ቢያዝን ፊት ፈካ። "በል በል!" አሉ። "እኔስ እስከ መቼ ይዘገያል እያልሁ ነበር። ተናገሩ!"

አያ አዳሙ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተናገሩ። ስለ ዘር፣ ስለ አጥንት፣ ስለ ቤተሰብ ተናገሩ። በመጨረሻም "ልጅዎን ለልጃችን ለፋንታሁን እንዲሰጡን ብለን ነው" አሉ።

አያ ቢያዝን ፊታቸውን ወደ አያ አዳሙ ሳይሆን ወደ ዋኘው አዞሩ። "ለማን አላችሁ?"

"ለፋንታሁን" አለ ዋኘው።

"ለበረንዳው ልጅ?"

"አዎ፣ ለበረንዳው ልጅ። ደግ ሰው ነው አያ ቢያዝን። ባላውቀው አልቆምለትም ነበር።"

ይህ እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑ ነው ይበልጥ ያመመው። አያ ቢያዝን ልጃቸውን ጠርተው ጠየቋት። እናኑ ነጠላዋን እያፍተለተለች "እኔስ እሺ ብያለሁ አባዬ" አለች። አያ ቢያዝንም እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦

"እሷ ካለች እኔ ምን እላለሁ። ነገር ግን መጽሐፉ ሳያልቅ ሠርግ የለም። ሠርግ ከመጣ ግርግር ነው፤ ዋኘውም ይሸሻል። መጨረሻውን ሳልሰማ አልቀርም።"

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። ፋንታሁን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መጽሐፍ ይጠይቅ ጀመር። "አለቃ፣ ስንት ገጽ ቀረው? የምትዘለው የለም?" ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ማኪናዋን እንደ አሞራ ያበራታል። የሠርጉ ቀን ቁልፍ በዋኘው እጅ ገባ። ሰይጣንም በዚያው ገባ።

መጀመሪያ ቀስ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ቀጥሎ ያነበበውን ምዕራፍ "ባለፈው በደንብ አልተሰማም" ብሎ ደገመ። ይህም አላረካው ሲል በመጽሐፉ ውስጥ የሌለውን መጨመር ጀመረ። አንድ የዝናም ወራት፣ አንድ የጠፋ ፈረስ፣ አንድ ክርስትና አስገባ። ደመቀ ከጥጉ ሆኖ "ይህ ደራሲ እየበረታ ሄደ" አለ። ዋኘው ልቡ አበጠ። አንድ ቅዳሜም ገመድ ጣዩን አናገረው። በወርቄ ደጅ አቁሞ፣ ባርኔጣውን አስወልቆ፣ "ገና ያየሁሽ ዕለት ልነግርሽ የመጣሁትን ረስቼ ስለ ሌላ አወራሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉ ስለ ሌላ አወራለሁ" አስባለው። ራሱ የፈጠረውን እያነበበ እንባው መጣ።

አያ ቢያዝን እጃቸውን አነሡ። "ቁም" አሉ። ከዚያም "ደመቀ፣ እስቲ ደጁን ዞር ዞር ብለህ ጠብቅ" ብለው አስወጡት። ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

"ይህ በመጽሐፉ የለም" አሉ።

ዋኘው ገጹን በመዳፉ ሸፈነው።

"ፈረሱም የለም። ክርስትናውም የለም። ፈረሱን ግን ዝም ያልሁህ ሸጋ ስለነበረ ነው። ይህ ገመድ ጣይ ሁለት ቅጽ ሙሉ ዝም ያለ ሰው፣ ዛሬ ምን በልቶ ነው እንዲህ አፉ የተፈታ?"

"አያ ቢያዝን..."

"ስማኝ ልጄ። አንተን ነበር የጠበቅሁ። ሽማግሌ ሆነህ ስትቆም እንኳ ለራስህ መስሎኝ ነበር። አንተ ግን ለሌላ ሰው ለመናገር የሚበቃ ምላስ ነበረህ፣ ለራስህ ስትሆን ጠፋህ። እንግዲህ የሆነው ሆነ። ልጄም ደስ ብሏታል፤ ከበረንዳው ስትስቅ እሰማታለሁ። አሁን የተጻፈውን አንብብልኝ። ቢመርም የተጻፈውን።"

ዋኘው መነጽሩን ጠርጎ የተጻፈውን አነበበ። በመጽሐፉ ገመድ ጣዩ ምንም አይናገርም። ወርቄ የጣውላ ነጋዴ አግብታ ትሄዳለች፤ እሱ በዚያው ቀን የሚለካው መሬት ስላለ ሊለካ ይወጣል። ዋኘው ይህን ስፍራ ስንት ጊዜ አንብቦ እጹብ ድንቅ ብሎታል፤ ለስንቱ ሰው መክሮበታል። አሁን ጮክ ብሎ ሲያነበው ቀያሹ እጹብ ሳይሆን እንዲሁ ቂል መስሎ ታየው። ሳቁ መጣበት። አያ ቢያዝንም ሳቁ። ሁለቱ በጣም ስለሳቁ ደመቀ ያመለጠው ነገር ያለ መስሎት ሮጦ ገባ።

በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፣ ሳይዘል አንብቦ ጨረሰው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። የሠርጉ ዋዜማ ዳስ ሲጣል ዋኘው ገመድ እየያዘ ሲያቀብል እናኑ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

"ጋሽ ዋኘው፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ያን መጽሐፍ መጀመሪያ ስትሰጠኝ የሆነ ነገር የምትለኝ መስሎኝ ነበር። ቆሜ ጠበቅሁ እኮ።"

"ምን አልሁሽ ታዲያ?"

"ስለ ትርጉሙ ችግር ነገርኸኝ።"

ዋኘው የያዘውን ገመድ አየው። "ችግር ነበረበት እኮ" አለ። እናኑ ሳቅዋ ፈነዳ፤ ከጀመረችም አላቆመችም። እሱም አብሯት ሳቀ። ሲስቅ ምንም የተሰበረ ነገር ያለ አልመሰለውም፤ የተሰበረውን ያገኘው ሠርጉ አልፎ፣ ሰው ሁሉ ሲበተንና ወንበር ሲመልስ ነው። ያን ሳምንት መስክ ሲወጣ አንድም መጽሐፍ አልያዘም። የበርሜሉን ማስጠንቀቂያ አነበበ፤ ተሻለው።

ሙሽሮቹ አይከል ገቡ፤ ፋንታሁን እዚያው ተመድቦ ነበር። ዋኘው አያ ቢያዝን ቤት መሄዱን አልተወም፤ ስለ ውኃ ጉድጓድ ክርክር የሚያወራ ሌላ ወፍራም መጽሐፍ ጀመሩ። በዚህ መጽሐፍ ሰዎቹ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይግባኝ ይላሉ። አያ ቢያዝን "ይህኛው ደራሲ ሰው ነው!" አሉ። ደመቀ ለቀበሌው አመልክቶ የንባብ ክበብ አስባለው፤ ጎረቤቲቱ ወይዘሮ እቴነሽም ከአጥር ማዶ መስማቱን ትተው ገብተው ተቀመጡ።

ክረምቱ ሲገባ ፋንታሁን ለሥራ ጎንደር መጣና የዋኘውን በር አንኳኳ። "እናኑ ልካኝ ነው" አለ። "እኔ መስክ ስወጣ አይከል ዝናሙ ቤት ያውላታል። ወፍራም መጽሐፍ ምረጥልኝ ብላለች።"

ዋኘው መደርደሪያው ፊት ብዙ ቆመ። ቀድሞ ቢሆን ስለ ደራሲው፣ ስለ ዘመኑ፣ ስለ ሃምሳዎቹ ገጾች ባወራ ነበር። አንዱን አወጣ። በባቡር ጣቢያ ላይ የምትኖር የአንዲት መበለት ታሪክ ነው።

"እንዲህ በልልኝ" አለ። "መካከሉ ይሰለቻል፤ እኔም እዚያ ላይ ሁለት ጊዜ ተኝቻለሁ። ካሰለቻት ትተወው፤ ነውር የለበትም። ካለፈችው ግን መበለቲቱ ደኅና ጎረቤት ትሆናታለች። ክረምቱን ታደርስላታለች።"

"ይኸው ነው? ሌላ የምትለው የለም?"

"ይኸው ነው።"

ፋንታሁን መጽሐፉን በእጁ መዘነ። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጥቂት አነበበ። "አለቃ፣ እኔስ ብጀምረው?"

"አንተ አትጀምር" አለው ዋኘው ደንግጦ። "መንገድ ላይ አይሆንም፤ ማኪናዋን ገደል ትከታታለህ። እቤት ግባና ተኝተህ አንብበው።"

ፋንታሁን መጽሐፉን ከጎኑ ወንበር ላይ እንደ ተሳፋሪ አስቀምጦ፣ በዝናሙ ወደ አይከል ተነሣ።